ዕድሜ ጠግባለች

አዛውንት በሞቱበት ለቅሶ አንድ የማይቀር ማጽናኛ አለ፤ «ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ ምን ያስለቅሳል?» ይባላል። ታች ጋይንት አርብ ገበያ አያቴን ስንቀብርም ይኸው ተባለ። በደግነት እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ሰው ዕድሜን እንደ እንጀራ ይጠግባል እንዴ?

አያቴ የልደት ወረቀት አልነበራትም። (የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲወጣ እሷ የልጅ ልጇን ልጅ አቅፋ ነበር።) ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ትላለች። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም ነው፤ የቀረውን በጣታችን እየቆጠርን እንገምታለን። 1977ን «ክፉ ቀን» ከማለት በቀር ብዙ አታወራበትም። ከመሶብ የወደቀ ፍርፋሪ ስታይ ግን ጎንበስ ብላ አንስታ ትስመዋለች። እስክትሞት ድረስ።

በልጅነቱ ለሞተ ሰው የምናለቅሰው ላልኖረው ዕድሜ ነው። ብዙ የኖረ ሰው ሲሄድ ግን ሌሎችንም ይዞ ይሄዳል። ከለቀስተኛው መሐል አያቴን በልጅነቷ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ድሮ ፈንጣጣ የነጠቃትን ሁለት ልጆቿንም መልካቸውን የምታስታውስ እሷ ብቻ ነበረች፤ ፎቶ የሚባል ነገር የለ። ከእሷ ጋር እነሱም ዳግም ተቀበሩ። ታዲያ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር እንባው ማነስ አለበት ያለው ማን ነው?

«እሷ ራሷ ሞትን ትለምን አልነበር?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ «ምነው ሞት ረሳኝ!» ትል ነበር። በማግስቱ ግን ጓሮ ወጥታ ጌሾ ስትተክል ትገኛለች። ጌሾ ደግሞ ዛሬ ተተክሎ ነገ አይቀነጠስም።