ለመታዘዝ ማዳመጥ



ከምእመናን አንደበት ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እግዚአብሔር ከእኔ የሚፈልገውን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?» የሚል ነው። ሥራ ለመለወጥ የሚያስብ፣ ትዳር ለመመሥረት የተዘጋጀ፣ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ የሚያመነታ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የሚነግረኝን ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁን?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። ብላቴናው ሳሙኤል በሴሎ፣ በእግዚአብሔር ቤት ተኝቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ ሰማ። የጠራው አረጋዊው ካህን ዔሊ መስሎት ወደ እርሱ ሮጠ። ዔሊ ግን አልጠራውም ነበር። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ። የእግዚአብሔር ድምፅ ለሳሙኤል እንግዳ ድምፅ አልሆነበትም፤ በየቀኑ ከሚሰማው ከአሳዳጊው ድምፅ እንኳ ሊለየው አልቻለም። ለእኛም እንዲሁ ነው። የጌታ ጥሪ ከዕለት ኑሮአችን ድምፆች ጋር ተቀላቅሎ ይደርሰናል፤ በቅዳሴ በሚነበበው ቃል፣ በትዳር ጓደኛችን ምክር፣ ደጃችን ቆሞ በሚለምን ችግረኛ ድምፅ ይመጣል። ሳሙኤል ብቻውን ሊለየው ስላልቻለ ዔሊ እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ስለዚህ ማዳመጥን የምንማረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከእኛ በፊት ከሰሙት ነው።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስናስተምር ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን አያቆምም። ለሳሙኤል የተነገረው ቃል በመምህሩ በዔሊ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ ነበር፤ የዔሊ ልጆች በክህነታቸው ሲበድሉ አባታቸው አልከለከላቸውምና። ብላቴናው ይህን ለመናገር ፈራ። ዔሊ ግን ምንም እንዳይሸሽገው አስጠነቀቀው፤ ከሰማም በኋላ የተናገረው ጌታ መሆኑን አምኖ ፈቃዱ እንዲሆን ተቀበለ። ሌላውን ማዳመጥ ያስተማረ መምህር፣ በተማሪው አፍ የመጣበትን መራራ ቃል ራሱ አዳመጠ።

ሆኖም በዚህ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከዚያ ቀደም አንድ የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ ዔሊን ስለ ልጆቹ ገሥጾት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፡27-36)። ዔሊ ሰምቷል፤ ነገር ግን ቤቱን አላስተካከለም። መስማትና መታዘዝ እንዲህ ሊለያዩ ይችላሉ።

እኛም ብዙ ጊዜ አዲስ ምሪት የምንለምነው አስቀድሞ የተነገረንን ወደ ጎን ትተን ነው። በርስት ምክንያት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን አስቡ። አንደኛው በየማለዳው ጌታ መንገዱን እንዲያሳየው ይጸልያል፤ ወንድሙን በመንገድ ሲያገኘው ግን ፊቱን ያዞራል። መንገዱ ግን አስቀድሞ ተነግሮታል። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ በመጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዞታል (ማቴ. 5፡23-24)። የሚያውቀውን ትእዛዝ የማይፈጽም ሰው የማያውቀውን ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?

እርግጥ ነው፣ ትእዛዙ ግልጽ ቢሆንም ከሁለት መልካም መንገዶች አንዱን መምረጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በዚህ ረገድ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ሕይወት ይረዳናል። በ1521 (እ.ኤ.አ.) በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን በመድፍ ጥይት ተመትቶ በቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ የፈለገው የፈረሰኞች ጀብዱ መጽሐፍ ስላልተገኘ የክርስቶስንና የቅዱሳንን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍት ተሰጡት። ቀስ በቀስም አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ዓለማዊ ክብር ሲያስብ ለጊዜው ይደሰታል፤ ኋላ ግን ልቡ ባዶ ይሆናል። ቅዱሳንን ስለ መምሰል ሲያስብ ግን ደስታው ሐሳቡ ካለፈ በኋላም ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ሲመጣልን ብቻ ሳይሆን ከሄደ በኋላም በልባችን ምን ትቶ እንዳለፈ እንመርምር። ስሜታችን ብቻውን ዳኛ አይሁን፤ ከወንጌልና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር እናስተያየው፤ ለንስሐ አባታችንም እንግለጠው።

ማዳመጥ ጊዜም ዋጋም ይጠይቃል። ከጎጃም የተነሡት መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1841 (እ.ኤ.አ.) ወደ ካይሮ ከተላከው የመልእክተኞች ጓድ ጋር ሲሄዱ፣ አቡነ ያዕቆብ ተብለው ከሚታወቁት ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ተጓዙ፤ እስከ ሮማም ደረሱ። ይሁን እንጂ በችኮላ አልወሰኑም። ለሕሊናቸው እውነት ሆኖ የታያቸውን ተከትለው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህም ብዙ መከራ ተቀብለው በ1855 (እ.ኤ.አ.) በእስር ሳሉ ዐረፉ።

ከእኛ ዛሬ የሚጠየቀው ምናልባት ከዚህ ያነሰ ነው። ማታ ከመተኛታችን በፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጥ። ስለ ዋለው ቀን እናመስግን፤ ከዚያም «ዛሬ ማን እውነት ነገረኝ? እኔስ እንዴት ተቀበልሁት?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ስላልሰማነው ይቅርታ እንለምን፤ ነገ የምንፈጽመውንም አንድ ነገር ብቻ እንወስን። በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ይህን ታሪክ ስታስተምሩ የዔሊን ድርሻ አትርሱ፤ ከምታስተምሩአቸው ልጆች የአንዱ ቃል ለእናንተ የተላከ ሊሆን ይችላልና።

ሳሙኤል ያን ከባድ ቃል ከሰማ በኋላ እስኪነጋ ተኛ፤ ሲነጋም ተነሥቶ እንደ ሥራው የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። ከዚያም የሰማውን ለዔሊ ነገረ። እኛንም ጌታ በዕለት ሥራችን መካከል ድምፁን የምንሰማ፣ የሰማነውንም የምንፈጽም ያድርገን። አሜን።