«ምንም የለብህም»

በስደት የሚኖር ተማሪ ከሐኪም አፍ ሰምቶት፣ ወይም ከሰማ ጓደኛው ጋር ሲነጋገርበት አምሽቶ የሚያውቀው አንድ ፍርድ አለ፤ «ምንም የለብህም» የሚል። ደሙ ተመርምሯል፤ ደረቱ በራጅ ታይቷል፤ የተገኘ ነገር ግን የለም። ይሁን እንጂ ጎኑን ይወጋዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ሌሊት እጁን በልቡ ላይ ጭኖ ትርታውን ሲቆጥር ያነጋል። ደስ ሊለው ሲገባ ከሐኪሙ ቤት አዝኖ ይወጣል። «ጤነኛ ነህ» መባል የሚያሳዝነው ሰው ሰነፍ ወይም አስመሳይ ነው የሚሉ ከመካከላችን አልጠፉም። እኛ በዚህ አንስማማም።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ታልኮት ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕመም የአካል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በኅብረተሰብ ውስጥ የሚሰጥ ቦታም መሆኑን አስረድቷል። ታማሚ የተባለ ሰው ከሥራው ይፈታል፤ በሕመሙም አይወቀስም፤ በምትኩ ለመዳን መጣርና ሐኪም መሻት ግዴታው ነው። ስም ያላገኘ ሕመም እንግዲህ ማኅተም እንዳላረፈበት ወረቀት ነው፤ እኛ ስደተኞች እንዲህ ያለው ወረቀት የት እንደሚያደርስ እናውቃለን። ስለዚህ ባለሕመሙ ስም የሚሰጠው ፍለጋ ይወጣል።

ሰጪም አያጣም። በአገር ቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ የሚያሽ፣ «ዛር ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው» የሚል አለ። በስደቱ አገር ደግሞ በአካልህ ውስጥ የሚፈሰው ኃይል ተዘግቷል የሚል ባለመርፌ፣ ደጋግሞ ከመቅጠኑ የተነሣ ውሃ ብቻ የቀረበትን የሆሚዮፓቲ ብልቃጥ የሚሸጥ ይገኛል። ሁሉን በአንድ ጅራፍ መግረፍ ግን ፍትሕ አይሆንም። ኮሶ በእርግጥ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞችም ከእኛ ወስደው አዝዘውታል። የዘመናዊው ሐኪም ቃልም የመጨረሻ ቃል አይደለም። የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን በጭንቀት ሲሳበብ ኖሮ፣ አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 የጠረጠረውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። እስከዚያ ድረስ «ጭንቀትህ ነው» ተብለው የተሸኙት ስንት ይሆኑ?

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ የተሰጠው ስም ሐሰት ቢሆንም ሰውየው ከተሻለው ምን ክፋት አለው? ጥያቄው የሕክምና ብቻ አይደለም። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ውሸትን በመድኃኒት ይመስላል፤ መድኃኒት ለሐኪም እንጂ ለተራ ሰው እንደማይተው ሁሉ፣ ለአገር ጥቅም ሲባል መዋሸትም ለገዢዎች የተገባ ነው ይላል። እነሆ የሐኪሙ ውሸት ለገዢው ውሸት ዋስ ሆኖ ቆመ! «ለእናንተው ጥቅም ነው» እየተባልን የተዋሸን ሰዎች ይህን ዋስትና በቀላሉ ልንቀበል አይገባንም።

ጉዳዩ ደግሞ ከቤታችንም ይገባል። በባህላችን ለጠና ሕመምተኛ የሚነገረው ቃል ምንድን ነው? «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» አይደለምን? በውጭ ያለ ልጅ የእናቱን መርዶ ከወራት በኋላ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ እስከዚያ በስልክ «ሁላችንም ደኅና ነን» እየተባለ። የሚዋሹት ወዳጆቹ ናቸው፤ የሚዋሹትም ስለሚወዱት ነው። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ፍቅር ያደገ ሰው፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ እንግዳ በማያውቀው ቋንቋ ያንኑ ቃል ሲነግረው ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል? ቃሉ ለእርሱ የጤና ምስክር ሳይሆን የተደበቀ ነገር ምልክት ነው። በእኛ እምነት፣ የብዙዎቻችን የሕመም ፍርሃት ከአእምሮ ድካም ይልቅ ከዚህ ልምድ የተወለደ ነው።

ደግሞስ ውሸቱ ለፈውስ ያስፈልጋልን? እ.ኤ.አ. በ2010 ቴድ ካፕቹክና ባልደረቦቹ ቦስተን ላይ ምርመራ አድርገው ነበር። ሆዳቸውን ዘወትር የሚያማቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ሰጡ፤ መድኃኒት እንደሌለበትም በግልጽ ነገሯቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንክብሉን የዋጡት ካልዋጡት ይልቅ እንደተሻላቸው ተናገሩ። ሰዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ የተለካውም የራሳቸው ስሜት እንጂ ሌላ አይደለም። ቢሆንም «ካልዋሸን አይሻለውም» የሚለውን ክርክር ክፉኛ ይነቀንቀዋል። የሐሰት ስም ዋጋ ግን የታወቀ ነው፤ ነቀርሳውን በዛር ስም ሲያስታምም የሚከርም ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በሳንባው ነው።

ሐኪሙ ሌላ ቃል መናገር ይችል ነበር፦ «ሕመምህ እውነት ነው። የፈራነውን አላገኘንም። ምክንያቱን ገና አላወቅሁትም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስና እንየው።» ይህን ለመናገር፣ ተናግሮም የሚከተለውን ጥያቄ ለመስማት ጊዜ ይጠይቃል፤ ክሊኒኩ ደግሞ ለአንድ ሰው የመደበው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በር ላይ ሌላው ተሰልፏል። ሥራሥር ሻጩ ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፤ ስለ ሕመሙ ከመጠየቁም በፊት ስለ እናቱ ይጠይቀዋል።