ያልተጠየቀው መንገደኛ

ውሻን ይዞ ለዕረፍት መሄድ በአማርኛ ሲነገር ገና ቀልድ ይመስላል። በእኛ ዘንድ የውሻ ስፍራ ደጅ ነው፤ ቤት ይጠብቃል፣ ትርፍራፊ ይበላል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይባረራል፣ ስሙ ከተነሣም አብዛኛውን ጊዜ ለስድብ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰሜን ጀርመን ተቀምጬ ከውሻዬ ጋር ወደ ዴንማርክ የባሕር ዳርቻ ለመሄድ ማቀዴን አንድ ወገኔ ሲሰማ የሚሰነዝረውን ጥያቄ አስቀድሜ ዐውቀዋለሁ፤ «አገር ቤት ስንቱ ጦሙን እያደረ?» ጥያቄው በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ለሠርጋችን ድግስ፣ ለመኪናችን፣ ለራሳችን ሽርሽር ይህንኑ ጥያቄ ስናነሣ አልሰማሁም። ድሃው ትዝ የሚለን ለውሻ ገንዘብ ሲወጣ ብቻ ከሆነ፣ ያሳሰበን ድሃው አይመስለኝም።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ዕረፍቱ የማን ነው? ውሻው መድረሻውን አልመረጠም። መንገዱ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደሚገባም የነገረው የለም። እኛ «ንጹሕ አየር» ብለን የምንጓጓለት ስፍራ ለእርሱ ባለቤቱ ያልታወቀ የባዕድ ሽታ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ያለቅሳል፣ ያኮርፋል፣ ሲያድግም ይወቅሰናል። ውሻ ግን የመኪናው በር ሲከፈትለት ዘሎ ይገባል። ይህን እንደ ፈቃድ መቁጠር ቀላል ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የተከተለ ሁሉ የተስማማ አለመሆኑን ከስደተኛ ይበልጥ ማን ሊያውቅ ይችላል?

አውሮፓ ይህን መንገደኛ በወረቀት ታውቀዋለች። ከ2004 ጀምሮ ሰማያዊ ፓስፖርት አለው፤ ከቆዳው ሥር ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የያዘች፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ትቀበራለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያ ክትባቱን ከወሰደ በኋላም ድንበር ለመሻገር 21 ቀን ይጠብቃል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ውሻ ግን ከተከተበ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተቀድቶ መመርመር፣ ከዚያም ሦስት ወር መቆየት አለበት። (ከወዴት እንደመጡ መጠየቅ ለሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።) ይህ ሁሉ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን በዋናነት የሚጠብቀው ድንበሩን ነው። መንገደኛው በሰላም ይጓዝ እንደሆነ የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም፤ ከባለቤቱ በቀር።

ኢማኑኤል ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ለረጅም ዘመን ላገለገለን ፈረስ ወይም ውሻ ማመስገን የሚገባን ቢሆንም ግዴታው በእውነቱ ለራሳችን እንጂ ለእንስሳው አይደለም ይላል። ይህን አሳብ ባነበብኩ ቁጥር የኤማኑኤል ሌቪናስ ውሻ ይታወሰኛል። ሌቪናስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ተማርኮ ጀርመን ውስጥ በግዞት የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። በ1975 ባወጣው አጭር ጽሑፍ እንደሚተርከው፣ ጠባቂዎቹም መንገድ አላፊዎቹም እርሱንና አይሁድ ጓደኞቹን እንደ ሰው አይቆጥሯቸውም ነበር። አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ጠዋት ሲሰለፉና ማታ ከሥራ ሲመለሱ እየዘለለና እየጮኸ ይቀበላቸው ነበር። ቦቢ ብለው ስም አወጡለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠባቂዎቹ አባረሩት። ቦቢ ለእነዚያ ሰዎች ያደረገው ቀጥተኛ ነገር ነው፤ ለራሱ ክብር ብሎ አልጮኸም። የእኛ ዕዳ ግን በራሳችን በኩል ዞሮ ካልሆነ አይደርሰውም መባሉን ልቤ አይቀበለውም።

ዕዳው የሚከፈለው ታዲያ ተራ በሆኑ ነገሮች ነው። የእኔ ምኞት ጁላይ ነበር። በዴንማርክ የባሕር ዳርቻዎች ግን ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ውሻ በማሰሪያ መያዝ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚታዘዝ ከሆነ እንደ ልቡ ይሮጣል። ስለዚህ ኦክቶበር ሆነ፤ ብርድና ዝናብ ቢኖረውም። በየሁለት ሰዓቱ እንቆማለን፤ የጠዋቱ ምግብ ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ፣ ያውም ጥቂት ይሆናል። ብርድ ልብሱ ሳይታጠብ ይሄዳል፤ የቤቱን ሽታ የያዘው እርሱ ነውና። ሙዚየም መጎብኘት ቀርቷል። ውጪው 20 ዲግሪ ብቻ ሲሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ውሻ ደግሞ እንደ እኛ አያልበውም፣ በማለከለክ ነው የሚቀዘቅዘው። በኦክቶበር ሙቀቱ ባያሰጋም፣ በማያውቀው አገር ተዘግቶበት ብቻውን መጠበቁ ያው ነው።

የጉዞውን ድንጋጤ የማይችል ያረጀ ወይም ፈሪ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ለሚያውቀው ወዳጅ ትቶት ይሂድ፤ አለዚያም አብሮት ይቅር። ይህም ዕቅድ ነው። የእኔው ገና ጉልበቱ አልደከመም። ሰባት ቀን ተከራይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልያዝኩባቸውም፤ ቤቱን እያሸተተ ይዙርበት።