ሕግ የወለደው ዕጣ

አጋጣሚ በሕግ ሊሠራ ይችላልን? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ለሰው ወይም ለሰነድ መለያ ቁጥር የሚያድል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ ይጋፈጠዋል። የሚሻው እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ነገሮችን ነውና፤ ቁጥሩን ማንም እንዳይገምተው፣ ደግሞም ከቶ እንዳይደገም።

በተራ ማደል ቀላል ነው፤ ተራ ግን ምስጢር አይጠብቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአጋር ኃይሎች የስታትስቲክስ ሊቃውንት የጀርመን ታንኮችን ተከታታይ ቁጥሮች እየለቀሙ ምርቱን አሰሉ። ለኦገስት 1942 (እ.ኤ.አ.) 327 አሉ፤ የስለላው ግምት 1,550 ነበር፤ ኋላ የተገኘው የጀርመኖች መዝገብ 342 ይላል።

ንጹሕ ዕጣስ? ዕጣ ትዝታ የለውም። ከአንድ ሚሊዮን ቁጥሮች እያወጡ እየመለሱ 1,200 ጊዜ ቢያወጡ፣ ቢያንስ አንዱ ቁጥር የመደገሙ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ይህ በሆስፒታል መዝገብ ቢደርስ የአንዱ በሽተኛ ደም በሌላው ስም ይጻፋል።

ስለዚህ ዕጣን የሚመስል ሕግ ተፈለገ። የሂሳብ ሊቁ ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ዘዴ፣ ያለፈው ቁጥር በተወሰነ ቁጥር ተባዝቶ፣ በሌላ ተካፍሎ፣ ቀሪው አዲሱ ቁጥር ይሆናል። ኋላ መደመር ተጨመረበት፤ በ1962ም ኸልና ዶቤል ዑደቱ ሙሉ የሚሆንበትን ሁኔታ በማስረጃ አረጋገጡ። ሁኔታው ከተሟላ፣ 4,294,967,296 ቁጥሮች ባሉበት ዑደት እያንዳንዱ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። እንደ ማኅበር ጽዋ ሁሉን ሳያዳርስ ወደ መጀመሪያው ቤት አይመለስም። (ቁጥሩን ለማሳጠር ከፊሉን የሚቆርጥ ግን ይህን ዋስትና በገዛ እጁ ያፈርሳል።)

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ዕጣን ፍትሕ አድርጎ የሚቀበለው የማንም እጅ የለበትም ብሎ ነው። በዚህ ዕጣ ውስጥ ግን እጅ አለ። ሕጉን የሚያውቅ ሰው የጎረቤቱን ቁጥር አይቶ ቀጣዩን ያሰላል፤ ለማያውቀው ያው ቁጥር ዕድል ነው። ጭምብሉም ስስ ነው፤ አካፋዩ የሁለት ርቢ ሲሆን ሙሉ ዑደት ያላቸው ቁጥሮች ተጋማሽ፣ ኢ-ተጋማሽ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። በሲ ቋንቋ ያለው ራንድ የተሰኘው ተግባርም መነሻ ካልተሰጠው ሁልጊዜ ከአንድ ይነሣል፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ያንኑ ሰልፍ ይደግማል። ጀማሪው መነሻውን ከሰዓት ይዋሳል፤ በአንድ ሴኮንድ የተነሡ ሁለት ፕሮግራሞች ግን መንታ ይወልዳሉ።

ይህ ማታለል ነውን? ተስፋው አለመደገም ብቻ ከሆነ አይደለም፤ ሕጉ ቃሉን ይጠብቃል። ምስጢር ነው ተብሎ ሲሰጥ ግን ሐሰት ነው፤ ባለካርዱ የተጠበቀ መስሎት ራቁቱን ቆሟልና። ምስጢር የሚሻ ጸሐፊ መነሻውን ከሕጉ ውጭ ይፈልጋል፤ ስርዓተ ክወናው ከቁልፍ አመታትና ከመሣሪያዎች የጊዜ መዛነፍ ካጠራቀመው። እንዲህ የወጣ ቁጥር ትዝታ የለውምና፣ ፕሮግራሙ ከማደሉ በፊት መዝገቡን ይገልጣል፤ ቀድሞ ለሌላ ተሰጥቶ ከሆነ እንደገና ያወጣል።