ጽሑፉን በጽሑፍነቱ አኑሪው

ልጄ፣ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ የመሥራት ኃላፊነት ለአንቺ መሰጠቱን ስሰማ ደስ አለኝ። ከምክሬ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ፦ ጽሑፍ የሆነውን ነገር በጽሑፍነቱ አኑሪው።

ልማዱን ታውቂዋለሽ። የቅጥር ማስታወቂያ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። እስቲ ሒሳቡን እይው። በዩኒኮድ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው። 1,000 ፊደላት ያሉት ማስታወቂያ ከ3 ኪሎባይት ብዙም አይዘልም። ያው ወረቀት በስልክ ፎቶ ሲነሣ ግን 3 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። በደካማ ኔትወርክ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ከኢንተርኔት ጥቅሉ የሚቆረጥበት ለወረቀቱ ጥላና ለጠረጴዛው ቀለም ነው።

ሌላው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። ማየት የተሳነው ሰው ድረ ገጽ የሚያነበው ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ በስክሪን ሪደር ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነውን፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን ነው፤ ጄምስ ቴህም አብሮት ሠርቷል፤ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ፎቶ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ምስል መኖሩን ብቻ ተናግሮ ያልፋል። ለዚያ ሰው ማስታወቂያው አልወጣም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስለ ተደራሽነት የሚናገረው አንቀጽ 9 ኢንተርኔትንም ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳዩ የመብት ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅምሻል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ አንባቢው ያው ፎንት ከሌለው የሚታየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነበር። ያኔ ፎቶ መለጠፍ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ተራው ስማርት ስልክ ሳይቀር አማርኛን በትክክል ያሳያል፤ ችግሩ ሄደ፣ ልማዱ ግን እንዳለ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራልና፣ ፎቶውን ከመጀመሪያው አትስቀዪው። አለቆችሽ ማኅተሙ ይታይ ካሉ ጽሑፉን ገጹ ላይ አስፍረሽ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከሥሩ በማስፈንጠሪያ አያይዢው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ተንሸራታች ፎቶና የሚንቀሳቀስ ጌጥ ይጠይቁሻል፤ አንቺ ግን ሰው የመጣበትን ጉዳይ አስቀድሚ። ጉግል ለጥሩ ገጽ ያስቀመጠው ወሰን ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው። የግድ የሚያስፈልገውን ፎቶ አሳንሺው፣ ገላጭ ጽሑፍም ስጪው። የፊደሉና የመደቡ ቀለም ንፅፅር፣ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ እንደሚለው፣ ለተራ ጽሑፍ ከ4.5 ለ 1 አይነስ። ቅጹ ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ ይሞላ። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም በኮዱ ግለጪ፤ ስክሪን ሪደሩ ትክክለኛውን ድምፅ የሚመርጠው በዚያ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ብዙ ድረ ገጽ የሚጠፋው የዶሜይን ክፍያው ወይም የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ቀን ሲያልፍ ማንም ሳያስታውስ ቀርቶ ነው። ቀኖቹን ጽፈሽ ከአንድ በላይ ሰው እንዲያውቃቸው አድርጊ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላትምና መጠባበቂያ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ መልሶ መሥራቱንም አልፎ አልፎ ሞክሪው።

ለምረቃው ቀን ብለው ያጣድፉሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመመረቁ በፊት ርካሽ ስልክ ይዘሽ በሞባይል ዳታ ክፈቺው፤ ማየት የተሳነው ሰውም ጋብዘሽ ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ተቀመጪ፤ የት እንደተቸገረ ጻፊና አስተካክዪ። ከሁሉ በላይ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረቦችሽን ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ማስገባት አስተምሪያቸው። አንቺ ገጹን አንድ ጊዜ ትሠሪዋለሽ፤ በየቀኑ የሚሞሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካልለመዱ ድካምሽ በወር ውስጥ በፎቶ ይሸፈናል።

እጅሽ ይባረክ፤ ሥራሽ የሩቁንም የቅርቡንም ያገልግል።