እንጎቻና ውኃ

ክረምት ለገዳዲ ላይ ጠንከር ይላል። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ጭቃው ከደጃፍ እስከ አስፋልት ጫማ ይይዛል፤ ፀሐይ ስትጠፋ ቀናት ያልፋሉ። በዚህ ሰሞን «ድብርት ያዘኝ»፣ «ምንም አላሰኘኝም» የሚል ሰው ይበዛል። ወደ ንስሓ አባቱ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፣ ጸሎት እንኳ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» የሚልም አለ። የዛሬው ትምህርት ለእርሱ ነው።

መልሱን ከነቢዩ ኤልያስ እናገኘዋለን፤ ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ተጽፏል። በዚህ ሰው ጸሎት በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ወርዷል፤ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ሰማይም ዝናብ ሰጥቷል። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ልቡ ከዳው። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ላይ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። ክትክታን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ቁጥቋጦ ነው፤ ጥላው ለአንድ ሰው እንኳ በቅጡ አይበቃም። ታላቁ ነቢይ እዚያ ሥር እንቅልፍ ወሰደው።

እምነቱን ጥሎ ነበርን? አልጣለም። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ብቻውን ቀርቷል። እግዚአብሔርም ይህን ስለሚያውቅ መልአክ ላከለት እንጂ ተግሣጽ አልላከለትም። መልአኩ ዳሰሰውና ተነሥቶ እንዲበላ ነገረው። ኤልያስ ዞር ሲል በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ለምን ተኛህ አላለውም። ሁለተኛ መጥቶ አበላው፤ ገና ብዙ መንገድ ይቀርሃል አለው። ኤልያስ በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ። እግዚአብሔር «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። እንቅልፍ፣ እጅ ዘርግቶ መዳሰስ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ መንገድ። ጥያቄው መጨረሻ ላይ መጣ። እኛ ግን እንገለብጠዋለን። የተከፋ ሰው ስናይ ከጥያቄ እንጀምራለን፤ «ምን ጎደለህና ነው? ከአንተ የባሰ ስንት አለ!» እንለዋለን። ያ ሰው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰ፣ ሌሊቱን በስልኩ ብርሃን ዓይኑን ሲያደክም አድሮ ይሆናል። እንጎቻ ደግሞ የትልቅ ግብር ምግብ አይደለችም። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ በተረፈው ሊጥ ለልጆች የምታወጣት ትንሽ እንጀራ ናት። ከሰማይ የተላከው መልአክ ለታመመው ልብ ይዞ የመጣው ይህችን የመሰለች ምግብ ነው፤ እግዚአብሔር ካልናቃት እኛ አንናቃት።

እዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ነገር ልናገር፤ ፍልሰታ ውስጥ ሆነን ብዙዎች ይሳሳቱበታልና። ከኀዘን የተነሣ ምግብ ማስጠላት ጾም አይደለም። ጾም ፈቅደን የምናቀርበው መሥዋዕት ነው፤ ያኛው በሽታ ነው። የደከመ ሰው ንስሓ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ምን እንደምታዝዝ ያስረዱታል። «እየጾምኩ ነው» በሚል ሽፋን ራሱን የሚጥል ልጅ ካላችሁ ቶሎ ንቁ።

ከኤልያስ ቀጥሎ አባ እንጦንስ ይመጣል። ይህ የመነኮሳት አባት በግብፅ በረሃ ተቀምጦ ሳለ መንፈሱ ዛለ፣ ሐሳቡም ተበተነበት። መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን እንቢ አለኝ ብሎ ወደ ጌታ ጮኸ። ወጣ ሲል ራሱን የመሰለ ሰው አየ፤ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይታታል። መልአክ ነበር፤ አንተም እንዲህ አድርግ አለው። እንጦንስ ተጽናና። ያየው ራእይ ሰባት ሰማያትን የሚያሳይ አልነበረም፤ እጁን በሥራ የጠመደ ሰው ነበር። ስለዚህ በተከፋችሁበት ቀን እጃችሁ አይፈታ። ስፌት ያላት ትስፋ። ጎመን የተከለ አረሙን ይንቀል። ምንም ያላገኘ የታጠበውን ልብስ ይተኩስ። ዳዊት መድገም ቢያቅትህ አንድ መዝሙር ድገምና ግቢህን ጥረግ፤ ደግሞ ተመልሰህ ሌላ አንድ ድገም። ልብ እስኪቀና ከጠበቅን ምንም ሳንጀምር ይመሻል፤ እጅ ሥራ ሲጀምር ግን ልብ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይከተላል። የአእምሮ ሐኪሞችም ዛሬ ለተከዘ ሰው ትንንሽ ሥራዎችን በሰዓት በሰዓት ከፍለው ያዝዙለታል።

የኤልያስን መንገድም አትርሱ። በሱሉልታና በሰንዳፋ ጎሕ ሲቀድ በብርድ የሚሮጡትን አትሌቶች ታዩአቸዋላችሁ። እንደ እነርሱ ሩጡ አልላችሁም። ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ትመጡ ከነበረ በእግራችሁ ኑ። ዝናቡ ጋብ ሲል ፊታችሁን ለብርሃን ስጡ፤ ደመና ያለፈ ብርሃንም ቢሆን ከተዘጋ መጋረጃ ይሻላል።

የለገዳዲን ግድብ የምታውቁ ደግሞ ይህን አስቡ። ከ50 ዓመት በላይ አዲስ አበባ ከዚህ ውኃ ስትጠጣ ኖራለች። በክረምት ጎርፉ ከየማሳው አፈር ጠርጎ ስለሚገባበት ውኃው ይደፈርሳል። ደፈረሰ ተብሎ ግን አይደፋም። ማጣሪያው ውስጥ ጭቃውን የሚያሰባስብ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ እስኪዘቅጥ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ይጣራል፣ በክሎሪን ይታከማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን ይመጣል። የደፈረሰ ልብም እንዲሁ ጊዜ ይሰጠው። በተከፋችሁበት ቀን ትዳር አትፍቱ፣ ሥራ አትልቀቁ፣ ከወንድም ጋር የመጨረሻ ቃል አትነጋገሩ። ተኙ፣ ብሉ፣ ልባችሁ ይርጋ። ነገሩን ከዚያ በኋላ እዩት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ለገጣፎና ለገዳዲ፣ እንደ ሰበታና ቡራዩ ሁሉ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ አዲስ ሰው የሰፈረባቸው ቦታዎች ናቸው። ከመሀል ከተማ የመጣው ሰው ቤት አገኘ፤ ጎረቤቱን ግን እዚያው ትቶ መጣ። የድሮ እድሩ ሩቅ ነው፣ የጽዋ ማኅበሩ ተበትኗል፣ አዲሱ አጥር ረጅም ነው፣ በሩ ብረት ነው። ባልና ልጆች ማለዳ ከተማ ይወርዳሉ፤ እናት ከቴሌቪዥን ጋር ትውላለች። ኤልያስ በኮሬብ ያሰማው አቤቱታ ይኸው ነበር፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ አለ። እግዚአብሔርም ለበኣል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉት ነገረው፤ አስከትሎም ኤልሳዕን እንዲቀባ ላከው። ብላቴናውን ትቶ ለመጣው ነቢይ ጓደኛ ተሰጠው።

እኛ ለዚህ ሕመም ቡና አለን። ቡናው ሲቆላ መቁያው በተቀመጡት ሁሉ ፊት ይዞራል፤ እያንዳንዱ በእጁ ጭሱን ወደራሱ ስቦ ያሸታል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ያዘነ ሰው ካልተገደደ ይናገራል። በአቦል ዝም ይላል፣ በቶና ስለ ልጆቹ ያወራል፣ በበረካ የሆዱን ያወጣል። የሚያስቸኩለው የለምና። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ጀመሩ፤ የሰፈር አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጃፍ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ የጨነቀው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይተነፍሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ብዙዎች እንደተሻላቸው አረጋግጧል። ለእኛ እናቶች ወንበሩም ረከቦቱም ከድሮ አለ። የጎደለው የጎረቤትን በር ማንኳኳት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይለቅ ኀዘን እንዳለም ልንገራችሁ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እንቢ ካለ፣ እህል ካስጠላ፣ መሞት ደስ ካለ፣ ያ ድባቴ ነውና ሐኪም ይፈልጋል። ከእነዚህ የሞት ሐሳቡ ብቻ እንኳ ከመጣ ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያኑ ቀን ለምትቀርቡት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁንም አትደሩ። ኤልያስም ሞቱን ለምኗል፤ መናገሩ ግን ነውር ሆኖ አልተቆጠረበትም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሰዎች ጠበል ይዘናል ብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ሁለቱም አብረው እንዲወሰዱ አስተምረዋል። የአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ሥርዓት የለውም። አማኑኤል ሆስፒታል የሄደ ወንድማችሁን «እብድ» አትበሉት፤ ሸኙት፣ መድኃኒቱን ማስታወስ ቢከብደው አስታውሱት።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከእናንተ መካከል የአንዱ ጎረቤት ሳይታይ ሰነባብቶ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ትኩስ እንጀራና ሽሮ ያዙ። በሩ ቶሎ ባይከፈት ቆዩ። ሲከፈት ለምን ጠፋህ አትበሉ፤ ስለ ኃጢአትም ስለ ጸሎትም ገና ነው። ውኃ አቅርቡ፣ አብራችሁ ብሉ፤ ቢያለቅስ ይልቀስ፣ መተኛት ቢፈልግ ይተኛ። ከነገ ወዲያም ደግሞ ተመለሱ፤ መልአኩም ሁለት ጊዜ ነው የመጣው።