ባትሪው ምን አጠፋ?

ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለምሳ ቢቸና ቆምኩ። ስወጣ አሮጌዋ ዲኤክሴ አልነሳ አለች። «በቃ፣ ባትሪ ሞቷል!» ብዬ ፈረድኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀይሬላታለሁና ለፍርድ አልዘገየሁም።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ተጠራ። ባትሪውን ሲለካው ከ12 ቮልት በታች ነው። «ይኸው!» አልኩት።

«ቆይ ጋሼ፣ ይሄ መራቡን እንጂ መታመሙን አይነግረንም» አለና አስገፍቶ አስነሳት። ደግሞ ለካ። ሞተር ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት የነበረበት ቴስተር ከ12 ፈቀቅ አልል አለ። ለካ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት የሚያፏጨው እሱ ኖሯል! ወጠረው፤ ቁጥሩም 14 ገባ።

መንገዱን ሙሉ የከነከነኝ ግን የመኪናዋ ነገር አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ «የዘንድሮ ተማሪ ባዶ ነው» እል ነበር። በፈተና አንዴ እለካና «ኤፍ» ሰጥቼ አልፋለሁ። እኔ ስለፈልፍ ወደነሱ የሚደርስ ነገር መኖሩን ግን ለክቼ አላውቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቢሞሉትም የማይዝ ባትሪ አለ። ግን ይህን ለማለት አስቀድሞ የሚሞላው አካል መሥራቱን ማረጋገጥ ይገባል። ልጁ ከመፍረዱ በፊት ሁለቴ ለካ፤ እኔ አንዴ ለክቼ ስንቱን አሰናበትኩ?

የላላ ቺንጋ ይወጠራል። በኔ «ኤፍ» ግቢውን ለቆ የወጣውንስ ልጅ በምን ልመልሰው?